ለትንሽ መኪና የኋላ በር መቀጠር ሕልምን ይቀብራል ወይ?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በመካኒካል ምህንድስና እንደተመረቅሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትመኚው ግን የመኪና ቅርጽ መንደፍ እንደሆነ፣ አሁን ደግሞ የአንዲት ትንሽ ሀችባክ መኪና (የኋላ በሯ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚከፈት) የኋላ በር በሚሠራ ቡድን ውስጥ የጀማሪ መሐንዲስነት ሥራ እንደቀረበልሽ ጽፈሻል። አባትሽ ቤታቸውን አስይዘው በሚበደሩት ገንዘብ የቅርጽ ንድፍ ትምህርት ቤት እንድትገቢ ፈቃደኛ ናቸው፤ አጎትሽ ደግሞ «ይህን ሁሉ ተምረሽ ለበር ትቀጠሪያለሽ?» ብለውሻል። ዕድሜሽ፣ የእጅ ሥዕልሽ ደካማነትና የኤሌክትሪክ መኪና መምጣትም ያሳስቡሻል።

ምክሬ ሥራውን እንድትይዢ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የአጎትሽ ንግግር ነው፤ አንቺም በከፊል እንዳመንሽበት «በበር ላይ ከጀመርኩ መኪና የምነድፍበት ቀን አይመጣም» ከሚለው ዐረፍተ ነገርሽ ተረድቻለሁ።

እስቲ ያንን በር ቀረብ ብለን እንየው። ቅርጽ ነዳፊው ጣሪያው ወደ ኋላ እየወረደ እንዲሄድ ይፈልጋል፤ የበሩ ማጠፊያ የሚገጠመው ግን ከኋላ ተሳፋሪው አናት በላይ ባለው የጣሪያ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ጣሪያው በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጎዳው የረዥሙ ተሳፋሪ ጭንቅላት ነው። ገዢው ከባድ ዕቃ ብዙ ሳያነሣ መጫን ስለሚፈልግ የመጫኛው ደፍ ዝቅ ማለት አለበት፤ ደፉ ዝቅ ሲል የበሩ ክፍተት ይሰፋል፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ደግሞ ቦዲው በጎርባጣ መንገድ ላይ ከኋላ በኩል መጠማዘዝ ይጀምራል፣ በሩን የሚያሽገው ጎሚኒ ይፋተጋል፣ አቧራና ውኃ መግቢያ ያገኛል። የክፍተቱን ማዕዘኖች በተጨማሪ ላሜራ ማጠንከር ይቻላል፤ ነገር ግን ተጨማሪ ላሜራ ማለት ተጨማሪ ክብደትና ተጨማሪ ወጪ ማለት ነው፤ ርካሽ እንድትሆን በታሰበች መኪና ላይ ደግሞ ለሁለቱም የተተወ ቦታ የለም። በሩን ከፍቶ የሚይዘው የጋዝ ዘንግ እንኳ በብርድ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ለብርዱ ታስቦ የተመረጠው ዘንግ በሙቀት ጊዜ በሩን ለመዝጋት ያስቸግራል። የኋላ መብራቶቹ ከበሩ ጋር ይከፈቱ ወይስ በቦዲው ላይ ይቅሩ የሚለው ውሳኔም የክፍተቱን ስፋትና የመኪናዋን የጀርባ ገጽታ አብሮ ይወስናል። ይህን ሁሉ አስታርቆ የሚጨርስ ሰው መኪና እየነደፈ ነው።

የትንንሽ መኪኖች ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ሚኒ የተባለችው መኪና ሀችባክ ባትሆንም መንገዱን የጠረገች እርሷ ናት፤ መሐንዲሱ አሌክ ኢሲጎኒስ ሞተሩን አግድም አስቀምጦ፣ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር ከዘይቱ ጋር በአንድነት አኑሮ፣ 10 ኢንች ቸርኬ መርጦ በ3 ሜትር አካባቢ ርዝመት ውስጥ አራት ሰው አስቀመጠ። በ1964 ደግሞ የፊያቱ መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮዛ አውቶቢያንኪ ፕሪሙላ በተባለችው መኪና ላይ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጎን አዛወረው፤ ፕሪሙላ የኋላ በር ባለው ዓይነትም ተሸጣለች፣ ያ አቀማመጥም እስከ ዛሬ በነዳጅ የሚሄዱት የብዙዎቹ ሀችባኮች አቀማመጥ ሆኖ ቀርቷል። «ፊት» (Fit) የተባለችው የ2001ዱ የሆንዳ መኪና የኋላ ወንበሯ ወለል ድረስ የሚታጠፈው የነዳጅ ታንኩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለተቀመጠ ነው። ገዢው ያደነቀውን ምቾት የፈጠረው የአንድ ታንክ ቦታ መቀየር መሆኑን ልብ በይ።

እርግጥ ነው፣ የ1974ቱን ቮልስዋገን ጎልፍ የነደፈው ጆርጄቶ ጁጃሮ የተማረው ሥዕል ነው። ነገር ግን እርሱም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ፊያት የቅርጽ ክፍል ተቀጥሮ ነው ሙያውን ያዳበረው። ሚሼል ቡዌም በ1972 የወጣችውን ሬኖ 5 መጀመሪያ የሣላት የሬኖ ሠራተኛ ሳለ በራሱ ተነሣሽነት ነው። ሁለቱም ሥዕላቸው ሰሚ ያገኘው ፋብሪካው ውስጥ ስለነበሩ ይመስለኛል።

እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት የሠራሁት በቦዲ ክፍል ነው። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የበር ጎሚኒ የሚቀመጥበትን ጠርዝ መንደፍ ነበር፤ የመኪናውን አጠቃላይ አቀማመጥ ወደሚወስነው ቡድን የገባሁትም ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ስለ ብድሩ በግልጽ ልናገር። የአባትሽን ፍቅር አከብራለሁ፣ ቤታቸውን ማስያዛቸውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በአንድ አዲስ መኪና ላይ ከሚሠሩት ሰዎች ውስጥ ቅርጽ ነዳፊዎቹ እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ትምህርት ቤቶቹ የሚያስመርቋቸው ሁሉ የመኪና ቅርጽ የሚነደፍበት ስቱዲዮ አይገቡም፣ ባንኩ ደግሞ ሥራ አገኘሽም አላገኘሽም ቀኑን ጠብቆ ገንዘቡን ይጠይቃል። አይሆንም በያቸው፣ ዛሬውኑ። አጎትሽም ምክራቸውን ሲሰጡ ብድሩን አብረው ለመክፈል ቃል አልገቡልሽም።

የቀሩት ስጋቶችሽ ቀላል ናቸው። በ26 ዓመት የረፈደበት መሐንዲስ አላውቅም። ሥዕል በየማታው ሲለማመዱት ይሻሻላል፤ ቅርብና ሩቁን ለይቶ የሚያሳየውን የእይታ ርቀት አሣሣል አስቀድሚ። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪውን አብዛኛውን ጊዜ ከወለል ሥር ስለሚያስቀምጥ ወለሉ ከፍ ይላል፣ የጣሪያውና የአናቱ ችግር ይበልጥ ይከብዳል፤ ሥራሽን አይነጥቅሽም።

ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ የመኪናዋ የጭቃ ሞዴል (ቅርጿን የሚያሳየው ከጭቃ የተሠራ አምሳያ) በሚገመገምበት ስብሰባ ላይ የበሩ ቡድን ጀማሪዎች ይገኛሉ ወይ? ቅርጽ ነዳፊዎቹ መሐንዲሱን የሚያውቁት፣ መሐንዲሱም ዓይኑን የሚያሠለጥነው እዚያ ነው። ይገኛሉ ካሉሽ ፈርሚ። አይገኙም ካሉሽ፣ የሙከራ ጊዜሽን ስትጨርሺ እንድትገኚ በቅጥር ደብዳቤሽ ላይ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ፤ እምቢ ቢሉሽም ሥራውን ያዢና ከወራት በኋላ ጥያቄውን መልሰሽ አንሺው።