ጆሮውን አሳድጌ ሰውየውን አጣሁት፦ የሥዕል ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ካሪኬቸር (የሰውን መልክ አጋንኖ ስለመሣል) እና ሞዴል አስቀምጦ ስለመሣል ናቸው። በሁለቱም ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁና ልሞክር።

«አፍንጫውን አስረዝማለሁ፣ ጆሮውን አሳድጋለሁ። ያስቃል፤ ግን ሰውየውን አይመስልም። ምን አጥፍቼ ነው?»

እኔም ለዓመታት ያጠፋሁትን ነው። አንድ ጓደኛዬን ጆሮውን ጎመን ቅጠል አሳክዬ ሣልኩት። ሚስቱ አየችውና «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች። የእሱ መለያ ለካ ጆሮው አልነበረም። ዓይኖቹ ተጠጋግተው፣ ከግንባሩ በጣም ወርደው ነው የተቀመጡት። ግንባሩ ሜዳ የሚያክለው ለዚያ ነው።

ካሪኬቸር የሚለው ቃል የመጣው «መጫን» ከሚል የጣሊያንኛ ግስ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አኒባሌ ካራቺ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ በዚህ ዓይነት ሥዕል ይጫወት ነበር። ታዲያ አህያን በአንድ ጎን ብቻ ብትጭናት ጭነቱ ይዞራል። አገጩን ካሳደግህ ግንባሩን ቀንስ። መጀመሪያ በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ መካከል ያለውን ርቀት እይ። ሰፊ ከሆነ አስፋው፣ ጠባብ ከሆነ አጥብበው። ጆሮ በኋላ ይደርሳል።

ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው ትንሽ እየው (አታፍጥጥበት!)፤ ከወረድክ በኋላ ሣለው። የረሳኸውን ተወው።

«የዘመድ ሠርግ ላይ እንግዶችን በካሪኬቸር እንድሥል ተጠየቅኩ። የሚቀየመኝ ቢኖርስ?»

መኖሩማ አይቀርም። እኔ አንዲት እትዬን ከነድርብ አገጫቸው ሣልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀበሉኝ፤ አጥፈው ሳህናቸው ሥር ወሸቁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ራሱ የመረጠውን ነው የማጋንነው፤ ሹሩባውን፣ መነጽሩን፣ ጺሙን። ፍንጭት ጥርስ ካገኘሽ ግን እንዳታልፊው፤ ባለቤቷ ደስ ነው የሚላት። ጠባሳና ውፍረት ይቅርብሽ። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ይበቃል። ደግሞ ከሙሽራዋ እናት አትጀምሪ።

«ጭብጥ ያለው የሞዴል ሥዕል ምን ማለት ነው? ራቁት ሰው መሣል ያሳፍረኛል።»

እንግዲያው ይሄ ላንተ ነው። ሞዴሉ የዕለቱን ጭብጥ ለብሶ፣ ዕቃውን ይዞ ይቀመጣል። ነገሩን በሰፊው ካስለመዱት አንዱ በ2005 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን፣ ኒውዮርክ የተጀመረው ዶክተር ስኬቺስ የተባለ የሥዕል ዝግጅት ነው። እዚያ የካባሬ (የምሽት ክበብ ትርኢት) ተዋንያን ከነመድረክ ልብሳቸው ሞዴል ይሆናሉ።

እኔ መጀመሪያ የገባሁት ውጭ አገር ሳለሁ፣ በባሕር ወንበዴዎች ምሽት ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ባርኔጣ ሣልኩ። ላባው፣ ጥልፉ፣ ምኑ ቅጡ። ሰዓቱ ሲያልቅ ወንበዴው አንገት የለውም።

አዲስ አበባ ስመለስ ከጓደኞቼ ጋር የቡና ጭብጥ ሞከርን። ነጠላ የለበሰች ሞዴል፣ ረከቦት፣ ጀበና። ጀበናውን አዘንብላ እንድትቆይ ጠየቅናት፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጀበናውን ባዶ ማድረግ እንኳ ማናችንም አላሰብነውም! አሁን ክንድ የሚነሳበት አቋም 1 ደቂቃ፣ ቆሞ 5፣ ተቀምጦ 20፣ ከዚያ ዕረፍት ነው። በአንዱ ደቂቃ ልብስ አትሣል። የትከሻውንና የዳሌውን መስመር ብቻ ያዝ። የነጠላ እጥፋት ከትከሻ ነው የሚወርደው፤ ትከሻው ከሌለ ነጠላው ገመድ ላይ የተሰጣ ይመስላል።

«ሞዴሏን ፎቶ አንስቼ ቤት ልጨርስ?»

ካልፈቀደች አይሆንም። ስልክህ ኪስህ ይቆይ።

«በእኛ አገር የጥንት ሥዕል ካሪኬቸር አለ?»

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን እያቸው። ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ለማሳቅ ስላልተሣሉ ካሪኬቸር ልላቸው አልደፍርም። ግን ሠዓሊው ፊቱን ብቻ አዙሮ ሰውየው ማን እንደሆነ ነግሮሻል። ልጅ ሆኜ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ባለ አንድ ዓይኖቹን እቆጥር ነበር።