በታቦት ስም ይማሉ ወይስ አይማሉ? ጥያቄና መልስ ስለ ቃለ መሐላ

የእድርና የማኅበር ሹማምንት ቃል ሲገቡ የፈጣሪ ስም ይጠራ ወይስ አይጠራ የሚለው ክርክር አልበርድ ስላለ፣ የሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያውቁት አባላችን ጥያቄ ሊቀበሉ ፈቅደዋል።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ሕገ መንግሥቱ ባለሥልጣን በፈጣሪ ስም እንዲምል ያዛል?

መልስ፦ አያዝም። አንቀጽ 70ን አንብቡት። ፕሬዚዳንቱ ስሙን ይጠራል፣ በዚያ ዕለት ሥራውን እንደሚጀምር ይናገራል፣ የተጣለበትን ከፍተኛ ኃላፊነት በታማኝነት ለመፈጸም ቃል ይገባል። አለቀ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላልና ቃሉም በዚያው ልክ ተቀርጿል። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ግን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች ንጉሠ ነገሥቱ ሲነግሡ የሚምሉት በእግዚአብሔር ስም ነበር። «ድሮም እንዲህ ነው» የምትሉ ሰዎች፣ ድሮ የነበረው ሕግ ሌላ ነው።

ከደጀን፦ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት «እግዚአብሔር ይርዳኝ» ይል የለም እንዴ?

መልስ፦ በልማድ ይላል። ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ያለው ቃል ግን ያን አይጨምርም፤ መማልን ወይም ማረጋገጥን፣ ማለትም የፈጣሪን ስም ሳይጠሩ ቃል መስጠትን፣ ለባለቤቱ ይተዋል። ፕሬዚዳንታቸው የነበሩት ፍራንክሊን ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1853 ሳይምሉ በማረጋገጥ ነው ሥልጣን የያዙት። ጀርመኖች ደግሞ «እግዚአብሔር ይርዳኝ» የሚለው ሃይማኖታዊ መዝጊያ ሊቀር እንደሚችል በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 56 ጽፈዋል፤ ገርሃርድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1998 መራኄ መንግሥት ሲሆኑ ትተውታል።

ከሞጣ፦ አልምልም የሚል ምስክርስ? የሚደብቀው ነገር ባይኖረው ለምን ይፈራል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነውና። አልምልም የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ሃይማኖት የለሽ አይደለም፤ አጥባቂ አማኝ ነው። ማቴዎስ 5፥34 «ከቶ አትማሉ» ይላል። «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለውን እንደ ወረደ የሚፈጽሙ ክርስቲያኖች አሉ። በእንግሊዝ አገር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኩዌከር የሚባሉት ምእመናን በዚህ ጥቅስ የተነሳ አንምልም እያሉ ታስረዋል፤ ማረጋገጫ የሚባለው ሥርዓት ሕግ የሆነውም በእነሱ ምክንያት ነው። ሙስሊሙም ቢሆን መሐላን አያቀልም። አስቦ የማለውን ያፈረሰ አስር ድሆች ማብላት ወይም ማልበስ፣ ያልቻለ ሦስት ቀን መጾም አለበት። ስለዚህ የማይምለውን ሰው አትጠርጥሩት። የኛም የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር ከመናገሩ በፊት እንዲምል ወይም እንዲያረጋግጥ ነው የሚለው። የሐሰት ምስክርነት ቅጣት ያለው ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 ነው፤ መጽሐፍ ስላልነካ የሚያመልጥ የለም። ምርጫውን ግን ቀድማችሁ ለብቻው ጠይቁት። ሰው ፊት አትጠይቁ።

ከእንጅባራ፦ አማርኛ የማይሰማ አዊኛ ተናጋሪ ምስክር ቢሆንስ?

መልስ፦ ቃሉ በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው። አስተርጓሚውም ከምስክሩ በፊት ይማል ወይም ያረጋግጥ፤ አንቀጽ 453 የሐሰት ትርጉምንም ይጨምራል። ይህ ሲዘነጋ ነው በኋላ «እንዲህ አላልኩም» የሚመጣው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ነገሩን አታክብዱት። «በሕግ አምላክ» ሲባል ክርስቲያኑም እስላሙም ቀጥ ይል አልነበረም? አምላክ የተጠራበት ቃል ነው፤ ማንንም አላስከፋም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ወንድሜ፣ እሱ እኮ ማስቆሚያ ነው እንጂ መሐላ አይደለም። «በምኒልክ አምላክ» ብሎ እንደማስቆም ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ታዲያ በአውጫጭኝ ጊዜ፣ ወንጀለኛ ለማውጣት ተሰብስቦ ሲጠየቅ፣ አገሬው የሚምለውስ በምን ነበር?

ከደብረ ማርቆስ፦ አፈርሳታ ነው የሚባለው።

ከፍኖተ ሰላም፦ እኛ ዘንድ አውጫጭኝ ነው!

መልስ፦ ሁለቱም ይባላል፤ በስም አትጣሉ። የደብረ ማርቆሱ ትክክል ናቸው፦ «በሕግ አምላክ» ሌላውን ሰው ያስቆማል፣ መሐላ ግን የራስን ሕሊና ያስራል። በራስ ሕሊና ላይ የሚገባውን ቃል ሌላ ሰው ሊመርጥልህ አይችልም።

ከባሕር ዳር፦ የሐኪሞች ምረቃ ቃለ መሐላስ?

መልስ፦ ጥንታዊው የሂፖክራተስ መሐላ በግሪክ አማልክት ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው አዲሱ የሐኪሞች ቃል፣ የጄኔቫ መግለጫ የሚባለው፣ ግን የማንንም አምላክ ስም አይጠራም።

ከደምበጫ፦ መሐላ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም። የት? ማን? ለምን ሥራ?

ከቢቸና፦ ምስክር መጽሐፍ ይንካ ወይስ አይንካ?

መልስ፦ ለሞጣው መልሻለሁ። ቀድማችሁ ጠይቁት።

ከመርጡለ ማርያም፦ ጋሼ፣ እድራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። ገንዘብ ያዥ ስንሾም ምን እናድርግ? ቄሱ ቢያስምሉትስ?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ቄስ ካስማሉት ሕዝቡ እንደ ግዝት ያየዋል፤ ግዝት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ነው፣ የሚፈታውም ካህን ነው። እድሩ ሊያስረውም ሊፈታውም አይችልም። አስማዩ የእድሩ ሰብሳቢ ይሁን። ጽሑፉ ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይብለጥ፦ «እኔ እገሌ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አከብራለሁ። የተረከብሁትን ገንዘብ ለእድሩ ሥራ ብቻ አውላለሁ። መዝገቡን አባላት በጠየቁ ጊዜ አሳያለሁ።» የሚፈርምበት ወረቀት ይኸው ብቻ ነው። «እግዚአብሔር ይርዳኝ» ወይም «አላህ ይርዳኝ» ማለት ከፈለገ በአፉ ይጨምር፤ ዝም ካለም ሰብሳቢው አያስታውሰው። ሁሉንም ተሿሚ በአንድ ላይ እጅ አታስወጡ፤ ማን ቃል እንደገባ፣ ማን አፉን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ አይለይም። አንድ በአንድ ይጠሩ። ምርጫውንም፣ ለሦስተኛ ጊዜ እላለሁ፣ ከስብሰባው በፊት ለብቻው ጠይቁት።

ከመርጡለ ማርያም፦ የድሮው ወረቀት ላይ የታቦቱ ስም ታትሟል። እንሰርዘው?

መልስ፦ በእጅ አትሰርዙ፤ የታቦት ስም ተሰርዞ ያየ አባል ይቀየማል። አዲስ አሳትሙና አሮጌውን መዝገብ ቤት አስቀምጡት።