መስኮቶቹን እንዳትጥሉ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሂውስተን ነው። ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ ጋልቨስተን ደሴት ላይ፣ ኢስት ኤንድ በሚባለው ሰፈር አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ገዛን። የተሠራው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። በሩ አጠገብ ከ1900ው ማዕበል የተረፈ መሆኑን የሚናገር ምልክት ተለጥፏል። በጡብ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ በረንዳው ሰፊ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ። ገና በሩን ስከፍት ነው የወደድኩት። ኮንትራክተሩ ግን መስኮቶቹ በሙሉ ወጥተው በፕላስቲክ ይቀየሩ፣ ግድግዳው ከውጭ በፕላስቲክ ይሸፈን፣ ከወለሉ ሥር ሙቀትና ብርድ የሚከላከል ፎም ይረጭ፣ ምሰሶዎቹም በሲሚንቶ ይለሰኑ ይላል። ባለቤቴ «አንዴ ተሠርቶ እንገላገል» ብሎ ተስማምቷል። ወጪ ለመቀነስም የውጭውን ቀለም ራሱ በማሽን ሊፍቀው አስቧል። ወጥ ቤቱንም አፍርሰን በአዲስ እንሥራው ይላል። የሦስት ዓመት ልጅ አለችን። ቤቱ መልኩን እንዳያጣ ፈራሁ፣ መከራከሪያ ግን አጣሁ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ከሂውስተን

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከሁሉ በፊት ስለ ቀለሙ ላውራ፣ የልጅ ነገር ነውና።

አሜሪካ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። ስለዚህ እዚያ ግድግዳ ላይ ከተደራረበው ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ ብላችሁ ተነሱ። ማሽኑ አቧራ ያደርገዋል። አቧራው በረንዳው ላይና ግቢው አፈር ላይ ያርፋል፣ ልጅ ደግሞ መሬት የነካ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች። እርሳስ በትንንሽ ልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። እባክሽ፣ ባለቤትሽ ያንን ማሽን እንዳያስነሳው። መጀመሪያ አስመርምሩ። ከተገኘ፣ በዚህ ሥራ የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ሰው ይሥራው። ልጅቷም ተሠርቶና ተጸድቶ እስኪያልቅ እዚያው ሂውስተን ትቆይ።

አሁን ወደ ቤቱ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ያ ማዕበል ጋልቨስተንን ሲመታ ከ6 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ 17 ጫማ ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ ሠራች። በዚህም አላበቃም፤ ከ2 ሺህ የሚበልጡ ሕንፃዎችን በክሪክ እያነሱ ከሥራቸው ከባሕር የተቀዳ አሸዋ ሞሉበት። አስቢው፣ ሙሉ ቤት ከነበረንዳው በክሪክ! በ2008ም አይክ የተባለው ማዕበል መጣ፣ ውሃው ብዙ ቤት ገባ። እንዲህ ዓይነት ቤት ይህን ሁሉ የቻለው እርጥበት ሲገባበት መልሶ መውጫ ስላለው ነው። ከሥሩ ነፋስ ያልፋል፣ ግድግዳው እንጨት ነው፣ ረጠበ ደረቀ። የዛሬው ጂፕሰም ግድግዳ ግን ጎርፍ ሲያገኘው ተነቅሎ ከመጣል ሌላ ዕድል የለውም። ኮንትራክተሩ ካላችሁ ነገር አብዛኛው ይህንን መውጫ የሚዘጋ ነው፤ እኔ የምቃወመውም ለዚህ ነው፣ ለመልኩ ብቻ ብዬ አይደለም።

ከመስኮቶቹ እንጀምር። በዚያ ዘመን አገልግሎት ላይ ይውል የነበረው እንጨት ቀስ ብሎ ያደገ፣ ሙጫው የበዛ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ እንደዚያ ዓይነቱን ማግኘት ከባድ ነው። መስኮቱ ተፈታትቶ ይጠገናል፤ የበሰበሰው ጫፍ ብቻ ተቆርጦ በሌላ እንጨት ይተካል፣ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ይታደሳል፣ መስኮቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት ግድግዳው ውስጥ የተደበቀውን ማመዛዘኛ ክብደት የሚጎትተው ገመድ ይቀየራል። የፕላስቲኩ አንዱ ቦታ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉው ይጣላል፣ ከዓመታት በኋላም እንደገና መግዛት ነው። ባለቤትሽ የመብራት ወጪው ካሳሰበው፣ ክፍተቶቹን ማሸግና ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት መግጠም ይቻላል።

የግድግዳው ፕላስቲክ ከኋላው የሚሆነውን ይደብቃል። ውሃ ሲገባ አታዩትም፣ ምስጥ ሲገባም አታዩትም፤ እዚያ ደሴት ላይ ደግሞ ምስጥ የምር ጠላት ነው። ከወለል ሥር የሚረጨውም ፎም እንደዚሁ እንጨቱን ከዓይን ይሰውራል። እኔ ብሆን ከሥር ክፍት አድርጌ በየጊዜው በባትሪ አየዋለሁ።

ምሰሶዎቹን በተመለከተ፣ የድሮ ጡብ የተያያዘው በኖራ ከሆነ መጠገን ያለበት በኖራ ነው። ሲሚንቶ ከአሮጌ ጡብ ይጠነክራል። እርጥበትና ጨው በመገጣጠሚያው መውጣት ሲያቅታቸው በጡቡ በኩል ይወጣሉ፣ ጡቡም ይፈረፈራል። ይህ ለእኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። የጎንደር አብያተ መንግሥት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣሊያኖች ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ በኋላ ሲሚንቶው ተነሥቶ በቀደመው በኖራው ተተካ።

መከራከሪያ አጣሁ ላልሽው ግን ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው። ኢስት ኤንድ የታሪክ ክልል ስለሆነ ቤቱን ከውጭ ለመቀየር የከተማው የቅርስ ኮሚሽን አይቶ መፍቀድ አለበት። ያለ ፈቃድ ብትጀምሩ ሥራው ሊቆም ይችላል። ሌላም አለ። ጎርፍ በሚያሰጋው ቦታ ላይ የእድሳቱ ወጪ የቤቱን ዋጋ (የመሬቱን ሳይጨምር) 50 በመቶ ከደረሰ፣ ቤቱ የዛሬውን የጎርፍ ደንብ እንዲያሟላ፣ ማለትም ከፍ እንዲል ሊገደድ ይችላል። ታሪካዊ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ከዚህ ነፃ ሊሆን የሚችለው እድሳቱ ታሪካዊነቱን ካላሳጣው ነው። ስለዚህ መስኮቱንና ግድግዳውን መንከባከብ ኪስንም መንከባከብ ነው። የጎርፍና የነፋስ ኢንሹራንስ ደግሞ ለየብቻ ናቸው፤ ጣሪያ ወይም መስኮት ከመንካታችሁ በፊት የነፋሱ ኢንሹራንስ ምን ምርመራ እንደሚጠይቅ ደውላችሁ አጣሩ።

በወጥ ቤቱ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ኮሚሽኑ የሚያየው ውጭውን ነው፤ ወጥ ቤት ለሚያበስል ሰው መመቸት አለበት። የድሮዎቹን በሮችና ከላያቸው ያሉትን ትንንሽ መስኮቶች ብቻ አትንኩ፣ ነፋስ ከክፍል ክፍል የሚያልፈው በእነሱ ነው።

ገንዘቡ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ይዋል፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመሩ። ውጭ ላይ የሚመታው ሚስማርም ስቴንለስ ይሁን፣ የባሕር አየር ተራውን ሚስማር ቶሎ ያዝገዋል።

ከኮንትራክተሩ ጋር ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ዝናብ በሚጥልበት ቀን ሁለታችሁም ሄዳችሁ እዚያ እደሩ፣ የት እንደሚያፈስ በዓይናችሁ እዩ። ኮንትራክተሩንም «እስከዛሬ የጠገንከው አሮጌ መስኮት የት አለ? ሄደን እንየው» በሉት። የሚያሳያችሁ ከሌለው ሌላ ሰው ፈልጉ።