ማርሚታው ተቀየረ፣ ሞተሩ ለምን ጋለ?

በዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ማርሚታ፣ ማለትም ስለ ጭስ ማውጫው ናቸው። አይገርምም። ጎንደር ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ብዙ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲሸጥ የገዛው ነው። ሌላው ከአጎቱ የወረሰው። ኦርጅናሉ ማርሚታ በዝገት ተበልቶ ሲያልቅ ምትኩ አይገኝም፤ ሰውም ያገኘውን ይገጥማል። መግጠሙን አልቃወምም። ግን ማርሚታ የሞተሩ መተንፈሻ ነው። እሱ ሲቀየር አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ካርቡሬተርም መታየት አለበት። ጠያቂዎቼ ሁሉ የተቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ሆንዳ ኤክስኤል 125 አለኝ፤ አሮጌው ባለ 6 ቮልት። ማርሚታው ስላለቀ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጭር ስፖርት ማርሚታ አስመጥቼ አስገጠምኩ። ጎንደር ውስጥ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ፈጠን ብሏል። ለሥራ ወደ መተማ ስወርድ ግን፣ አይከልን አልፌ ቆላው ውስጥ ስገባ ሞተሩ ይግላል። ጋዝ ስለቅ ጧ ጧ ይላል። ከቴስታው (ከሞተሩ ራስ) የሚወጣው ቱቦ ሰማያዊ ሆኗል። ባለፈው ገንዳ ውሃ ልደርስ ስል ጭራሽ ጠፋብኝ፤ ሲቀዘቅዝ ተነሳ። መካኒኬ የፒስተን ሪንግ ይቀየር ይላል። ልቀይር? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሪንጉን ለጊዜው ተወው፣ ወንድሜ። ሪንግ ያለቀበት ሞተር ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ እዚሁ ጎንደር ዳገት ላይም ይደክማል። ያንተ ጎንደር ላይ ደህና ነው። ስትወርድ የሚመጣ፣ ስትወጣ የሚጠፋ በሽታ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየርና የቤንዚን ምጣኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳር ካለው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ባሕር ዳር ስል ከተማዋን ሳይሆን የባሕሩን ጠረፍ ነው። ካርቡሬተርህ ከፋብሪካ ሲወጣ የተመጠነው ለዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ጎንደር ላይ ሁልጊዜ ቤንዚን ትንሽ ይበዛበታል። ክፍት ማርሚታ ስትገጥም ደግሞ ጭሱ በቀላሉ ይወጣል፣ አየር እንደልብ ይገባል፣ ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር ያንሳል። ጎንደር ላይ ሁለቱ ተካካሱልህ። ፈጠን ያለው ለዚህ ነው።

መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በወረድክ ቁጥር አየሩ ይወፍራል። የቆላው ሙቀት ትንሽ ቢያሳሳውም ከጎንደሩ ጋር አይገናኝም። ቤንዚኑ የሚያልፈው ግን በዚያችው በድሮዋ ቀዳዳ ነው። ማካካሻው ጠፋ፤ ሞተሩ ቤንዚን አጠረው። ቤንዚን ያጠረው ሞተር ደግሞ ይግላል።

ካርቡሬተሩን ከመንካትህ በፊት ማርሚታው ከቴስታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እይ። ጓርኒሲዮኑ (መገጣጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ) ካፈሰሰ አየር እየሳበ ያንኑ ጧ ጧ ያመጣል። ሞተሩን በጠዋቱ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ያዝ አድርገው። መገጣጠሚያው ላይ ፍስ ፍስ ካለ፣ ወይም ዙሪያው ጥላሸት ከለበሰ ያፈስሳል። የመዳብ ጓርኒሲዮን ከሆነ አዲስ ባታገኝም ግድ የለም። እሳት ላይ ቀይ እስኪሆን አግለውና አቀዝቅዘው፤ መዳቡ እንደገና ይለሰልሳል። ስትመልሰው ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅህ ብቻ አስገባ። ቀጥሎ የቴስታውን፣ መጨረሻ ላይ የኋላውን አጥብቅ። ከኋላ የጀመርክ እንደሆነ ቱቦው ተወጥሮ ይቀመጥና በንዝረት ይሰነጠቃል። አዲስ ማርሚታ ቶሎ ተሰነጠቀ ብለው ዕቃውን የሚያማርሩ ብዙ ሰዎች ጣጣቸው ይሄ ነው።

የሚያፈስስ ከሌለ ካንዴላውን፣ ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ጠይቀው። ቆላው ሜዳ ላይ ጥቂት ጠንከር አድርገህ ንዳ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ይዘህ ሞተሩን አጥፋ፣ ዳር ቁም፣ በረድ ሲል ካንዴላውን ፍታ። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ምጣኔው ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አጥሮታል። ያንተ ነጭ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ካርቡሬተሩ ውስጥ ጄት የምትባል ትንሽ ባለ ቀዳዳ ናስ አለች፤ ቁጥር ተጽፎባታል። ቁጥሩ ሲተልቅ የሚያልፈው ቤንዚን ይጨምራል። አንድ ደረጃ ከፍ ያለች አስገባና ካንዴላውን እንደገና እይ። ሙሉ ጋዝ ላይ ደህና ሆኖ ግማሽ ጋዝ ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የካርቡሬተሩን መርፌ የያዘውን ክሊፕ፣ እርከን ካለው፣ አንድ ወደ ታች አውርደው። መርፌዋ ከፍ ስትል ቤንዚን ይጨምራል። አደራህን፣ የጄቷን ቀዳዳ በሽቦ አታስፋው! አንዴ ከተፋቀች ስንት ቁጥር እንደሆነች ማንም አያውቅም፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በግምት ነው። ጎንደር ስትመለስ ካንዴላው ትንሽ ቢጠቁር አትጨነቅ፤ ይጸዳል። ቤንዚን አጥሮት የቀለጠ ፒስተን ግን አይመለስም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴስታው ላይ ያሉትን የቫልቭ ክዳኖች ከፍተህ የቫልቩን ክፍተት አስለካ። ላንተ ሞዴል ሁለቱም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጫፍ ላይ ሲሆን ነው። የሰፋ ቫልቭ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ባለቤቱ ይሰማዋል። የጠበበው ዝም ይላል። ዝም ብሎ፣ በደንብ ሳይዘጋ፣ ይቃጠላል። እንደ ልብ የሚግል ሞተር ላይ የጠበበ የጭስ ቫልቭ ከተጨመረ ወጪው የሪንግ ብቻ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቆላ ድባ አካባቢ የግብርና ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥለው ዓይነት። የማርሚታው ሆድ ተበስቶ ስለነበር ብየዳ ቤት ቆርጠው ጥለው ቀጥ ያለ የውሃ ቧንቧ በየዱበት። አሁን ድምፁ ከብት ያስደነብራል፤ ጉልበት ግን የለውም። ዕቃ ከጫንኩበት ዳገት አይወጣም።

መልስ፦ እህቴ፣ የተቆረጠው የሞተሩ ግማሽ ጉልበት ነው ብልሽ አላጋነንኩም። የዲቲ ሞተር እንደ ሆንዳው የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም። ጭሱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ባለ ቀዳዳ ይወጣል፤ አዲሱ ቤንዚንና አየርም በዚያው ቅጽበት ይገባል። የገባው ከፊሉ ከጭሱ ጋር አብሮ ያመልጣል። ያ ሆድ የተሠራው ለዚህ ነው። እየሰፋ ሄዶ መልሶ ይጠባል። ከሞተሩ የሚወጣው የግፊት ሞገድ የጠበበው ጫፍ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣና ያመለጠውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። እንደ ገደል ማሚቶ አስቢው፤ ገደሉ በቦታው ከሌለ ድምፅሽ አይመለስም። ቀጥ ያለ ቧንቧ የሚመልሰው ነገር የለውም። ቤንዚኑ ሳይቃጠል ውጭ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ፍጆታውም ጨምሮ ይሆናል፣ አስተውዪ።

የተቆረጠው ሆድ ተጥሎ ካልጠፋ አስፈልጊው። የተበሳውን ቦታ ብቻ በስስ ላሜራ ማስበየድ ይቻላል። ርዝመቱም፣ የሆዱ ስፋትም፣ የሚጠብበት ቦታም እንደነበረ መቆየት አለበት። ከጠፋ ከሳልቫጅ ዕቃ የራሱን የዲቲ 125ን ፈልጉ፤ የሌላ ሞዴል ሆድ ቢገጥም እንኳ በትክክል አይሠራም።

ኦርጅናሉ ሲገኝ ከመገጠሙ በፊት ውስጡን አስጸጂው። የዚህ ዓይነት ሞተር ማርሚታ በዘይት ጥቀርሻ ይደፈናል፤ ያኔም ልክ እንዲህ ጉልበት ያጣል። ኋላ ያለው ማፈኛ ቱቦ በአንድ ቡሎን የተያዘ ነው፤ ሲፈታ ተስቦ ይወጣል። ውስጡ በውሃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ጨምሮ ማሳደር ጥቀርሻውን ያላቅቀዋል። ሶዳው ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው ሶዳው ላይ አይደለም። ጓንትና መነጽር ግድ ነው፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ። ሶዳው አሉሚኒየም ስለሚበላ ሞተሩን እንዳይነካ። ጭስ በዛ ብሎ የዘይት ፓምፑን ሊቀንስ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ እንዳትፈቅጂለት። ያ ዘይት ነው ፒስተኑን የሚያኖረው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ባለ ሲጂ ሞተር ሳይክል ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከማርሚታው ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ይንጠባጠባል። በያጁ ልድፈናት ይላል። ይድፈናት? (ከፒያሳ፣ ጡረተኛ)

መልስ፦ አይድፈናት፣ አባቴ። አንቱ ያዩት ውሃ ከቤንዚኑ መቃጠል የሚወጣ እንፋሎት ነው፤ የጎንደር ጠዋት ሲቀዘቅዝ ማርሚታው ውስጥ ወደ ውሃ ይለወጣል። ቀዳዳዋ የተሠራችው እንድታስወጣው ነው። ከተደፈነች ውሃው እዚያው ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከቤት ፒያሳ ብቻ ብቅ ብለው የሚመለሱ ከሆነ ማርሚታው ሳይግል ስለሚቀር ውሃው አይደርቅም። አልፎ አልፎ እስከ ጠዳ ድረስ ይንዱት። ሌላ ብየዳ ካስፈለገም ማርሚታው ተፈትቶ ወርዶ ይበየድ። ሞተር ሳይክሉ ላይ እንዳለ ሲበየድ የመብራቱ ዕቃ ሊቃጠል ይችላል።

ጥያቄ፦ ካንዴላዬ ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል። ማርሚታዬ ደህና ነው፤ ጓደኞቼ ግን ውስጡን አውጥተህ ክፈተው፣ ይተነፍሳል አሉኝ። (ማራኪ፣ ተማሪ)

መልስ፦ አትክፈተው። ጎረቤትህ አይተኛም፤ ለሆስፒታሉ ሕመምተኞችም እዘንላቸው። ካንዴላው ቢነጣልህ እንኳ ችግሩ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጣና አራግፍ፤ የጎንደር የበጋ አቧራ ይደፍነዋል። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን እይ። ቀጥሎ ቤንዚኑን ጠርጥር። በሃይላንድ እየተሞላ መንገድ ዳር የሚሸጠው አንዳንዴ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ምልክት ከተወ ታንኩንና የካርቡሬተሩን ጽዋ አራግፍ፣ ካንዴላውን አጽዳ፣ ከማደያ ቅዳ። ከዚያም በኋላ ከጠቆረ ጄቷን አንድ ቁጥር ዝቅ እናደርጋታለን፤ ያኔ በላይዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ላክልኝ።