አላስፈላጊ የዓይነት ፍተሻ ስለ ማንሣት፦ ጥያቄና መልስ

ክላንግ ስታቲክ አናላይዘር የሲንና የመሰል ቋንቋዎችን ኮድ ሳያስኬድ ስሕተት የሚፈልግ መሣሪያ ነው፤ ቼከር ደግሞ አንድ ዓይነት ስሕተት የሚፈልግ ክፍሉ ነው። ሰሞኑን ከአንድ ቼከር ውስጥ ሁለት መስመር የምታነሣ ፓች (የኮድ ለውጥ) አቅርቤ ነበር። መስመሮቹ ቼከሩ የተቀበለው የኮድ ቁራጭ የፋንክሽን ጥሪ፣ ማለትም «ኮል ኤክስፕር»፣ ካልሆነ ዝም ብለው የሚመለሱ ነበሩ። ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ፍተሻው አላስፈላጊ መሆኑን በምን አወቁ?

መልስ፦ ቼከሩ ኮልባኩን፣ ማለትም አናላይዘሩ መልሶ የሚጠራውን ፋንክሽን፣ ያስመዘገበው ለ«ኮል ኤክስፕር» ብቻ ነው። አናላይዘሩ ኮልባኩን ከመጥራቱ በፊት የቁራጩን ዓይነት «ኢዛ» በተባለው የዓይነት መጠይቅ ያረጋግጥና «ካስት» በተባለው የዓይነት መለወጫ ለውጦ ያስረክባል፤ የፋንክሽኑ ፓራሜትር ራሱም የ«ኮል ኤክስፕር» ፖይንተር (አድራሻ ያዥ) ነው።

ጥያቄ፦ ሲነሣ አናላይዘሩ ይፈጥናል?

መልስ፦ አይፈጥንም። የፖይንተሩ ዓይነት አስቀድሞ ስለሚታወቅ የ«ኢዛ» መልስ በኮምፓይል ጊዜ፣ ማለትም ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለጥንቃቄ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚጎዳው አንባቢውን ነው፤ ነገ ይህን ቼከር የሚያነብ ሰው ሌላ ዓይነት የሚመጣበት መንገድ ያለ መስሎት የሌለውን ሲፈልግ ግማሽ ቀኑን ያጠፋል። የባሰው ግን ዝም ብሎ መመለሱ ነው፦ የምዝገባው ውል አንድ ቀን ፈርሶ ፓራሜትሩ ሰፋ ያለ ዓይነት ቢሆን ቼከሩ ድምፅ ሳያሰማ ሥራውን ያቆማል፣ ተጠቃሚውም ማስጠንቀቂያ ስላላየ ኮዱ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ጥንቃቄ ከተፈለገ «ካስት» ይሻላል፤ አሰርት (ግምት ትክክል መሆኑን በሥራ ላይ የሚያረጋግጥ ፍተሻ) በበራበት ግንባታ ዓይነቱ ካልገጠመ ፕሮግራሙን እዚያው ያስቆመዋልና። አሰርት በጠፋበት ግንባታ ግን ምንም እንደማይፈትሽ አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው «ዳይን ካስት»ን (ዓይነቱ ካልገጠመ ኑል፣ ማለትም ባዶ ፖይንተር፣ የሚመልሰውን መለወጫ) ሁሉ ወደ «ካስት» ልቀይር?

መልስ፦ በፍጹም! እዚያው ፋንክሽን ውስጥ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ «ጌት ዳይሬክት ካሊ» አለ፤ የተጠራውን ፋንክሽን ዲክላሬሽን (በኮዱ ውስጥ የታወጀበትን ቦታ) የሚያመጣው እሱ ነው። በሲ ቋንቋ «ኤፍፒ» የተባለ የፋንክሽን ፖይንተር ይዞ «ኤፍፒ(3)» ብሎ የሚጠራ ኮድ ሲመጣ፣ ከጥሪው ጀርባ የሚገኘው የተለዋዋጩ ዲክላሬሽን እንጂ የፋንክሽን ስላልሆነ፣ ውስጡ ያለው የዓይነት ፍተሻ ኑል ይመልሳል። ያ ፍተሻ የዕለት ሥራውን እየሠራ ነው። ውጤቱ ኑል መሆን አለመሆኑን የሚያየውን መስመር ያነሣ ሰው እንዲህ ያለ ጥሪ በገጠመ ጊዜ አናላይዘሩን ክራሽ ያስደርገዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ቴስት መጻፍ አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። ባሕርይ ስለማይለወጥ በኮሚቱ (በሚመዘገበው ለውጥ) ርእስ ላይ «ኤንኤፍሲ» ተብሎ ይጻፋል፤ የአሠራር ለውጥ የለም ማለት ነው። ነገር ግን አሰርት በበራበት ግንባታ ነባሮቹን የአናላይዘር ቴስቶች በሙሉ ሳያስኬዱ ፓችዎን አይላኩ።