«ኮዴን ለምን አልተቀበሉኝም?»

ጥያቄ፦ ለአንድ ኦፕን ሶርስ የቀን መምረጫ ላይብረሪ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ጨምሬ ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን ከፕሮጀክቱ ጋር እንዲቀላቅሉ የሚጠይቅ ማመልከቻ) ላክሁ፤ 1,200 መስመር ኮድ ነው። ከፕሮጀክቱ ኃላፊዎች አንዱ «ከዓላማችን ውጭ ነው» ብሎ ዘጋው። ንቀት አይደለም?

መልስ፦ አይመስለንም። ሳይጠበቅ 1,200 መስመር የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚታየው ዕዳው ነው። እርስዎ ነገ ሌላ ሥራ ሊይዙ ይችላሉ፤ ስሕተት ሲገኝ ተጠያቂው እሱ ነው። አቆጣጠራችንን የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ኮዱ ትክክል መሆኑን በምን ያጣራል?

በተዘጋው ፑል ሪኩዌስት ሥር አይከራከሩ። አዲስ ኢሹ (ችግር የሚመዘገብበት የውይይት ገጽ) ከፍተው፣ ኮድ ሳያያይዙ፣ ችግሩን ብቻ ይጻፉ፦ «ላይብረሪው ዓመትን ሁልጊዜ 12 ወር አድርጎ ስለሚወስድ ጳጉሜን ማሳየት አይቻልም።» ፋይሉንና መስመሩን ይጥቀሱ። ጥያቄዎንም ያሳንሱት፦ የወራቱን ብዛትና ርዝመት ከውጭ የሚቀበልበት መንገድ ብቻ ይክፈቱልዎ፤ አቆጣጠሩን እርስዎ በፕለጊን፣ ማለትም ከላይብረሪው ጋር በሚገጠም ተጨማሪ ኮድ፣ ይሠሩታል።

«ኢንትል እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?» መባልዎ አይቀርም። ኢንትል (Intl) የተባለው የጃቫስክሪፕት ቋንቋ መሣሪያ የፈረንጁን ቀን በእኛ አቆጣጠር ያሳያል፤ ተጠቃሚው የመረጠውን የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ መመለሱ ግን የእርስዎ ኮድ ሥራ ነው። ይህን ሳይጠየቁ ቀድመው ይግለጹ።

ኮዱን የሚፈትነው ቴስት እንግዳ ሰው ሊያጣራው የሚችል ይሁን። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 በማግስቱ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። በቀጣዩ ዓመት ግን መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 11 ተመለሰ። የአንድ ቀን ስሕተት የሚሸሸገው እዚሁ ነው።

የሐሳብዎንም ጉዳት ራስዎ ይጻፉ። ረስት ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማሻሻያ የሚቀርብበት ቅጽ «ይህን ለምን ማድረግ የለብንም?» የሚል ክፍል አለው፤ ያንን ባዶ የተወ አቅራቢ አንባቢዎቹ ይሞሉለታል፣ ያውም በለሰለሰ ቃል አይደለም።

አሁንም እምቢ ካሉ ለብቻው ፓኬጅ አድርገው ያውጡት። ፎርክ (ላይብረሪውን ሙሉ በሙሉ ቀድቶ ለብቻ ማስቀጠል) የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ለውጡን እያስታረቁ መኖር አድካሚ ነው።

ጥያቄ፦ በራሴ ፕሮጀክት ላይ አንድ ተጠቃሚ «የማይረባ ፕሮግራም! አማርኛው አራት ማዕዘን ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። ላጥፋው?

መልስ፦ ይተዉት። ግማሹ ንዴት፣ ግማሹ ጥሩ የስሕተት ሪፖርት ነው። አራት ማዕዘን የሚታየው ብዙ ጊዜ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ሲጠፋ ነው። ስለ ስድቡ ምንም ሳይሉ የስልኩን ወይም የኮምፒውተሩን ሲስተም፣ የፕሮግራሙን ቨርዥንና ስክሪንሾት ይጠይቁት። መልስ ሳይሰጥ መሳደቡን ከቀጠለ ውይይቱን ይቆልፉት፤ የፎንቱን ጉዳይ ግን በሌላ ኢሹ ይመዝግቡት።