የጥንት ወርቅ ሳንቲም ላማራችሁ ልጆች

አዳማ ውስጥ ወርቅ ሠሪ ሆኜ ነው ያረጀሁት። ሱቁን አሁን ልጄ ይዞታል። እኔ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ ደጃፉ ላይ ቁጭ እላለሁ። ታዲያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የወጣቶቹ ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ የቀለበት ዋጋ ነበር የሚጠይቁኝ። አሁን ስልካቸውን አውጥተው የሳንቲም ፎቶ ያሳዩኛል። «ጋሼ፣ ይሄ የአክሱም ወርቅ ኦሪጅናል ነው? ልግዛው?»

መልሴ አጭር ነው፤ አትግዛው። ግን በዚህ ብቻ ብለያችሁ ደግ አይሆንም። ለጥንት ነገር ልቡ የሚሸፍት ወጣት ማየት ያስደስተኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩን እወቁት። ብዙ ሰው የአክሱም ወርቅ ሲባል እንደ ጠገራ ብር መዳፍ የሚሞላ ይመስለዋል። ትንሽዬ ናት። በአክሱም መጀመሪያ ሳንቲም ያስመታው ንጉሥ እንዱቢስ ነው፤ ጊዜው የ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ። የእሱ ወርቅ 2.7 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በኢዛና ዘመን ወደ 1.6 ግራም ወረደ። የሮማው ቆስጠንጢኖስ የወርቅ ሳንቲሙን ክብደት ሲለውጥ አክሱምም ሚዛኗን ከእሱ ጋር አስተካከለች። 1.6 ግራም ማለት የሕፃን ጉትቻ ያህል ነው።

በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ግን ያለው ጉድ ነው። መሐል ላይ የንጉሡ መልክ፣ ግራና ቀኙ የእህል ዛላ። በአንዱ ፊት ዘውድ ደፍቷል፤ በሌላው ራሱን በጨርቅ ጠምጥሟል። ዙሪያውን ጽሑፍ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግሪክኛ። ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድም ይሠራ ነበራ! በአዱሊስ ወደብ የሚያልፈው ነጋዴ የሚግባባው በግሪክኛ ነው። መጀመሪያ ግዕዝ ያስጻፈው ንጉሥ ዋዜባ ነው። ከዚያ በኋላ ግዕዙ በብርና በነሐስ ሳንቲም ላይ እየበረታ ሄደ። ሕዝቡ በየዕለቱ የሚገበያየው በእነሱ ነበርና።

የኢዛናን ሳንቲም ደግሞ ልብ በሉት። በመጀመሪያዎቹ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ። ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በተመቱት ላይ በዚያው ቦታ መስቀል ገብቷል። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካስቀረጹት ቀደምት ነገሥታት አንዱ እሱ ነው። አንድ ሀገር ሃይማኖት ስትለውጥ በጥፍር በምታክል ወርቅ ላይ ማየት ይቻላል። እኔ እንዲህ ያለ ሰነድ ሌላ አላውቅም።

እናንተ ወርቅ ወርቅ ትላላችሁ እንጂ፣ እኔን የሚገርሙኝ የነሐሶቹ ናቸው። የንጉሥ ስም የሌለበት አንድ ዓይነት አለ። በመስቀሉ ዙሪያ በግሪክኛ የተጻፈው ሐሳቡ «ይህ ለሀገር ደስ ይበላት» ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ መስቀሉ መሐል ስስ ወርቅ ተለብጧል። በነሐስ ላይ፣ ከምስር በማትበልጥ ቦታ፣ በእጅ! በዚያ ዘመን በሌላ ሀገር የተለመደ አልነበረም። እኔ ዛሬ በመብራትና በአጉሊ መነጽር ብሠራው እጄ ይንቀጠቀጣል። ሥራው ደግሞ ለአንድ ለሁለት ጌጥ ሳይሆን በብዛት ለሚመታ ገንዘብ ነበር። ሠራተኞቹን ባገኛቸው የምጠይቃቸው ብዙ ነገር ነበረኝ።

እንግዲህ ለምን አትግዙ እንዳልኩ። አንደኛው ነገር ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንም ሰው ሲያርስ፣ ቤት ሲሠራ ወይም መንገድ ሲቆፍር ቅርስ ቢያገኝ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ መጠበቅ አለበት። ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጥም ሕጉ ይላል። ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣት ደግሞ ወንጀል ነው። ስለዚህ «ከአክሱም በኩል ከመሬት የወጣ ነው» የሚላችሁ ሻጭ፣ እውነቱን ከሆነ ወደ ጣጣ እያስገባችሁ ነው። ውሸቱን ከሆነ ደግሞ እየሸወዳችሁ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይበልጥብኛል። ሳንቲም የሚናገረው ከተገኘበት ቦታ ጋር ሲሆን ነው። ደብረ ዳሞ ገዳም በ1940 እ.ኤ.አ. ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች የዛሬዎቹን አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ይገዙ የነበሩ ናቸው። የመን ውስጥ ደግሞ ከኤደን ብዙ ሳይርቅ ከ800 በላይ የአክሱም ወርቆች ከሮማ ወርቅ ጋር ተቀብረው ተገኙ። ቦታውና ብዛቱ ስለታወቀ ነው የታሪክ ሰዎች ስለ ንግዱና ስለ ባሕር መንገዱ ማውራት የቻሉት። እነዚያን ሳንቲሞች አንድ በአንድ በየኪሱ በትኗቸው፤ ወርቅ ብቻ ይሆናሉ። ወርቅ ደግሞ እኔም ሱቅ ሞልቷል።

ሸዋጆቹን በተመለከተ አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ልጅ በሶፍት ጠቅልሎ ሦስት ሳንቲም አመጣልኝ። የሸጠለት ሰውዬ «መንገድ ሲቆፈር የወጣ ነው፣ ቸኩዬ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አልሰጥህም» ብሎታል። መቸኮሉ ብቻውን በቂ ምልክት ነበር። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ አንዱ ከ9 ግራም በላይ። የአክሱም ወርቅ እንዲህ አይከብድም። ጠርዙን በጥፍሬ ዳበስኩት፤ ዙሪያውን ቀጭን መስመር አለ። ይህ በማኅተም ተመትቶ ሳይሆን በሁለት ቅርጽ መሐል ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ ዕቃ ምልክት ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፤ ፊደሎቹም ያለቀ ሳሙና ይመስል ሟሙተዋል። ልጁ አሁንም አላመነኝም። ጥቁሩን የወርቅ መፈተኛ ድንጋይ አወጣሁና አሰመርኩበት። ቢጫ መስመር ታየ፤ ፊቱ በራ። አንድ ጠብታ አሲድ ጣል ሳደርግበት መስመሩ አረንጓዴ አረፋ አውጥቶ ጠፋ። ወርቅ ቢሆን እዚያው ይቀር ነበር። ናስ ነው። ልጁ ሦስቱንም በሶፍቱ ጠቅልሎ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ይህን ፈተና እናንተ በእውነተኛ ጥንታዊ ሳንቲም ላይ እንዳትሞክሩት። ድንጋዩ አካሉን ይፍቃል፤ አሲዱም ያበላሸዋል። ሳይነኩ የሚፈተንበት መንገድ አለ። በአየር ላይ መዝኑት፤ ከዚያ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ መዝኑት። የመጀመሪያውን ክብደት ለልዩነቱ አካፍሉ። ንጹሕ ወርቅ ወደ 19.3 ይመጣል፤ ብር 10.5 አካባቢ፤ ናስ ከ9 በታች። ሳንቲሙ በጣም ትንሽ ከሆነ ግን ጥሩ ሚዛን ካልያዛችሁ ውጤቱ ይዋዥቃል። ደግሞም የአክሱም ወርቅ ጥራት በኋለኞቹ ነገሥታት ጊዜ እየቀነሰ ስለመጣ፣ ቁጥሩ ዝቅ አለ ብላችሁ ብቻ «ፎርጅድ ነው» አትበሉ።

ታዲያ ምን እንሰብስብ? ከአያቶቻችሁ ሣጥን ጀምሩ። ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ በየቤቱ አለ። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል፤ ግን አብዛኛው በዚያ ዓመት አልተመታም። ዓመቱን ሳይለውጡ ቪየና መቱት፣ ሌሎችም ሀገራት መቱት። ሙሶሊኒ እንኳ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አስመትቶታል። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ፣ ብሩ ከመቶ 83 ገደማ። የኛ ሰው ሲቀበል በሴትየዋ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ነጠብጣብ ሳይቀር ይቆጥር ነበር። እናንተም የቱ ከየት እንደመጣ ለመለየት እንደዚያው ትቆጥራላችሁ። በእኛ ሙያ ደግሞ ጠገራ ብር ጥሬ ዕቃ ነበር፤ ስንቱ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል።

ቀጥሎ የምኒልክ አለላችሁ። በፓሪስ የተመታው ብር ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ተብሎ ተጽፏል። የግዕዝ ቁጥር የማታነቡ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ተማሩ፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። አንበሳውን እዩት። አንዳንዱ ላይ ቀኝ እግሩን፣ አንዳንዱ ላይ ግራ እግሩን አንስቷል። ሰብሳቢ እንዲህ ባለ ነገር ነው እንቅልፍ የሚያጣው። ምኒልክ የወርቅም አላቸው፤ 1889 የሚል ዓመት ያለበት፣ ሙሉው 7 ግራም። ይህንን የሚያገኝ ዕድለኛ ነው፤ ጥድፊያ ግን አያስፈልግም።

አቅም ሲኖራችሁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1958 የወርቅ ሳንቲሞች አሉ። ከባለ 10 ዶላሩ 4 ግራም እስከ ባለ 200 ዶላሩ 80 ግራም ይደርሳሉ፤ ያኔ ብራችን በእንግሊዝኛ ዶላር ይባል ነበር። ወርቃቸው ከሺህ 900 ነው፤ በእኛ ቋንቋ 21 ካራት ከምናምን። ዋጋ ስትነጋገሩ መጀመሪያ የወርቁን ሒሳብ ሥሩ። ባለ 10 ዶላሩ ውስጥ 3.6 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ለታሪኩና ለመልኩ ነው፤ ስንት እንደሆነ አውቃችሁ ክፈሉ። ከማን እንደገዛችሁ የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። የትኛውንም አሮጌ ሳንቲም ይዛችሁ ወደ ውጭ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

የአክሱሙን ማየት ከፈለጋችሁ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ የአክሱም ዘመን ዕቃዎች ፊት ሳትቸኩሉ ቁሙ። ደብተር ያዙ። ክብደት፣ የፊደሉን ዓይነት፣ የምልክቱን ቦታ ጻፉ። ገንዘብ ሳታወጡ የምትሰበስቡት እሱን ነው፤ ከእኔ ጋር ለማውራትም ይበቃችኋል።

አያያዙን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሳንቲም በጠርዙ ይያዛል፤ ፊቱን በጣት አትንኩ። በሎሚና በአመድ አታሻሹት። እናቶቻችን የብር ጌጥ ሲያጸዱ ደህና ነው፤ አሮጌ ሳንቲም ላይ ግን የላይኛውን ፊት ይፍቃል፤ አዋቂ ገዢ ደግሞ ወዲያው ያውቀዋል። በፌስታል ጠቅልላችሁም አታስቀምጡት፤ በሙቀታችን ፕላስቲኩ እያላበ ብሩንና ነሐሱን ያጠቁረዋል። ነጭ ወረቀት ይበቃል። እናም አያታችሁ አንገት ላይ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ብር ካለ፣ ማንጠልጠያውን ለማስነቀል እኛ ዘንድ እንዳታመጡት። ሲነቀል የብየዳው ጠባሳ ይቀራል። ዋጋውም ከነማንጠልጠያው ከነበረው ይወርዳል። ልጄም አይሠራላችሁም፤ ነግሬዋለሁ።